«ሁሉም በእጅህ ነው» ለሚሉን ምን እንመልስ?

ይህ ጽሑፍ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር ነው።



ከሥራና ከኡልፓን ደክማችሁ ስትመለሱ እቤታችሁ ማረፍ ሲገባችሁ እዚህ ስለ ተሰበሰባችሁ ከሁሉ አስቀድሜ አመሰግናችኋለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ እናንተው ስለ ጠየቃችሁኝ ጉዳይ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዳንዶቻችሁ በዕብራይስጥ የተጻፈ ማስታወቂያ ይዛችሁ ወደ ማኅበሩ ቢሮ መጣችሁ። ማስታወቂያው መጽሐፎቹ በብዙ ቋንቋ የተተረጐሙለት አንድ ታዋቂ ደራሲ ከውጭ አገር መጥቶ በትልቅ አዳራሽ እንደሚናገር፣ ንግግሩን የሰማ ሰውም ኑሮው እንደሚለወጥ ይገልጻል። «ይህ ነገር ለእኛ ይጠቅመናል ወይስ አይጠቅመንም? አብረኸን ሂድና አይተህ ንገረን» አላችሁኝ። በዚህ መሠረት 11 ሆነን ሄድን። ያየነውንና የሰማነውን፣ ከዚያም በኋላ መጻሕፍት አገላብጬ ያገኘሁትን በቅደም ተከተል አቀርብላችኋለሁ።

የደራሲውን ስም አልጠራም። ምክንያቱም ጉዳዩ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም፤ እሱ ቢሄድ ነገ ሌላው ይመጣል፤ በስልካችሁም ላይ እንዲህ ያለ ንግግር የሚያሰሙ ብዙዎች ናቸው። የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እዚህ አገር በሚሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ንግግሩ ምን ይመስል ነበር?

የመግቢያው ዋጋ ለአንድ ሰው 190 ሼኬል ነበር። ባልና ሚስት ሲሆኑ 380 ነው፤ ይህ ገንዘብ በእናንተ ቤት ምን ያህል እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። አዳራሹ ሞልቷል። መጀመሪያ መብራት ጠፋና ሙዚቃ በኃይል ተለቀቀ። ቀጥሎ «ተነሡ፣ አጨብጭቡ፣ በአጠገባችሁ ወዳለው ሰው ዞራችሁ ‹አንተ አሸናፊ ነህ› በሉ» ተባልን። ከእኛ ጋር የነበሩ አንድ አባት በአጠገባቸው የቆመችውን የማያውቋትን ሴት እንዲህ ማለት ነውር ስለመሰላቸው ዱላቸውን ይዘው ዝም ብለው ቆሙ።

ደራሲው ሰው በንግግር መያዝ ይችላል፤ ይህን መካድ አይገባም። ድምፁን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ያስቃል፣ ያስለቅሳል። ከሁለት ሰዓት ተኩሉ አንዱን ሰዓት ያህል የተናገረው ስለ ራሱ ሕይወት ነው። ድሃ እንደነበረ፣ በመኪና ውስጥ ያድር እንደነበረ፣ አንድ ቀን አስተሳሰቡን ለመለወጥ ወስኖ ባለጸጋ እንደሆነ ነገረን። የቀረው ጊዜ ደግሞ አንድ ሐሳብ በልዩ ልዩ መንገድ የተደጋገመበት ነበር። ይኸውም «የውጭ ኑሮህ የውስጥ አስተሳሰብህ መስታወት ነው፤ ድሃ ከሆንክ ድህነትን ስላሰብክ ነው፤ አጥብቆ የፈለገ ሁሉ ያገኛል» የሚል ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ስማር አስተማሪዎቻችን ስለ እያንዳንዱ ትምህርት አንድ ጥያቄ እንድንጠይቅ ያስገድዱን ነበር። «ተማሪው ከክፍል ሲወጣ ትናንት የማይችለውን ምን ማድረግ ይችላል?» የሚል ነው። በዚያ ምሽት ደብተሬን ይዤ የዚህን ጥያቄ መልስ ስጠብቅ አመሸሁ። የጻፍኩት ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ በማለዳ ተነሡ፤ የምትፈልጉትን በወረቀት ጻፉ፤ ሰውን በስሙ ጠርታችሁ ሰላም በሉት። ሦስቱም ደኅና ምክሮች ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን እናቶቻችን ያለ ክፍያ ነግረውናል።

አንዲት እናት የጠየቁት

በመጨረሻ ለጥያቄ 10 ደቂቃ ተሰጠ። ከእኛ መካከል አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ። እኚህ እናት ወደ እሥራኤል ከገቡ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። ገና ሳይነጋ ተነሥተው ቢሮ ያጸዳሉ፣ ከቀትር በኋላ ኡልፓን ይማራሉ፣ ማታ የታመሙ ባላቸውን ያስታምማሉ። አንድ ወጣታችን አጠገባቸው ቆሞ አስተረጐመላቸው። «ጌታዬ፣ የተናገሩት መልካም ነው። እኔ ግን ባለቤቴ ታሟል፣ ቋንቋውን ገና አልያዝኩም፣ ደመወዜም ለቤት ኪራይ አይበቃም። ከየትኛው ልጀምር?» አሉ።

ወገኖቼ፣ በዚያ ምሽት ከተነገረው ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ጥያቄ ነበር። «ከየትኛው ልጀምር?» የሚል ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ለመሥራት የተነሣ ሰው ነው። ደራሲው ግን «ይህ የተሸናፊ ሰው አነጋገር ነው። ባሌ፣ ቋንቋ፣ ኪራይ ማለቱን ተዪ። ሰበብ መቁጠር ስታቆሚ ገንዘቡ ራሱ ይመጣል» ብሎ መለሰላቸው። ሕዝቡም አጨበጨበ። እናታችን ወደ ወጣቱ ዞረው «ምን አለ?» ሲሉት ልጁ ጥቂት ዝም አለና «‹በርቱ፣ ጐበዝ ነዎት› ይላል» አላቸው።

በአውቶቡስ ስንመለስ አጠገቤ ተቀምጠው «ወንድሜ፣ ልጁ ደብቆኛል። ፊቱ ሲለዋወጥ አይቼዋለሁ። ቢሰድበኝም ግድ የለኝም። እኔ የጠየቅኩት ከየትኛው ልጀምር ብዬ ነው፤ እሱን ነው ያልነገረኝ» አሉኝ። እኔም በዚህ ንግግር ያዘንኩት በዚሁ ነው።

የተነገረው ሁሉ እውነት ነውን?

ደራሲው ንግግሩን በጥናት ያስደገፈ ለማስመሰል አንድ ታሪክ ነገረን። «በ1953 በአሜሪካ ከዬል ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ተማሪዎች ተጠየቁ፤ ከመቶ ሦስቱ ብቻ የሕይወት ግባቸውን ጽፈው ነበር፤ ከ20 ዓመት በኋላ የእነዚህ የሦስቱ ሀብት ከቀሩት 97ቱ ሀብት በልጦ ተገኘ» አለ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ዳሩ ግን እንዲህ ያለ ጥናት ተደርጐ አያውቅም። በ1996 «ፋስት ካምፓኒ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የታሪኩን ምንጭ ተከታትሎ ሲመረምር እያንዳንዱ ተናጋሪ ከሌላ ተናጋሪ የሰማው ሆኖ ተገኘ፤ ዩኒቨርሲቲውም እንዲህ ያለ ጥናት አናውቅም ብሏል። ይኸው ወሬ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከመድረክ ወደ መድረክ ይዞራል።

በሌላ በኩል በእውነት የተደረጉ ጥናቶች አሉ፤ እነሱ ግን የሚሉት ሌላ ነው። በ2002 ጋብሪኤለ ኧቲንገን የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁርና ባልደረባቸው ባወጡት ጥናት በጀርመን አገር ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉ ተማሪዎችን ከሁለት ዓመት በኋላ ተከታትለው ጠየቁ። ስለሚያገኙት ጥሩ ሥራ አዘውትረው በሐሳባቸው ሲደሰቱ የነበሩት ከሌሎቹ ያነሰ የሥራ ማመልከቻ አስገብተው፣ ያነሰ ሥራ ቀርቦላቸው፣ ያነሰ ደመወዝ ሲያገኙ ተገኙ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ይህንኑ አስቀድሞ ነግሮናል። ሰው ወተቱን በሐሳቡ ከጠጣ ላሚቱን ለመፈለግ አይነሣም። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ምሁሯ ተስፋ መጥፎ ነው አላሉም። ተስፋ የሚጠቅመው በመንገድ ላይ የሚገጥመውን እንቅፋት አብሮ የሚያስብ ሰው ሲይዘው ነው ይላሉ። ያቺ እናታችን ባል፣ ቋንቋ፣ ኪራይ ብለው ሲቆጥሩ ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

በ2009 ደግሞ ጆአን ዉድ የተባሉ በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚናገሩትን የሙገሳ ቃል መረመሩ። «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ቃል ደጋግመው እንዲሉ ሲያደርጉ፣ ለራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት የነበራቸው ሰዎች ስሜታቸው ቃሉን ካልደጋገሙት መሰሎቻቸው ባሰ እንጂ አልተሻለም። ምክንያቱም አፍ አንድ ሲል ልብ ሌላ ይላል። ስለዚህ ያዘነ ሰው በሙዚቃ መካከል ቆሞ «አሸናፊ ነኝ» ብሎ ቢጮህ እቤቱ ሲገባ ሐዘኑ ሊበረታበት ይችላል ማለት ነው።

ይህ ነገር ወሰን ካጣ ሕይወትንም ይነካል። በ2006 «ምሥጢሩ» የሚል ፊልምና መጽሐፍ ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ፤ የሚያስተምረውም ሰው ያሰበውን ነገር ወደ ራሱ ይስባል ብሎ ነው። በፊልሙ ላይ ከቀረቡት አንዱ ጀምስ አርተር ሬይ የተባለ አሜሪካዊ በጥቅምት 2009 በአሪዞና ከእያንዳንዱ ሰው ከ9,000 ዶላር በላይ አስከፍሎ ሥልጠና አደረገ። ሠልጣኞቹን በጋለ ድንጋይ እንፋሎት በተሞላ የታፈነ ድንኳን ውስጥ አስገብቶ ድካማቸውን እንዲያሸንፉ ያበረታታቸው ነበር። ሦስት ሰዎች ሞቱ። በ2011 ፍርድ ቤት በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ አድርጐት የሁለት ዓመት እሥራት ፈረደበት።

ስለ ራሳችን ታሪክ

«አጥብቆ የፈለገ ሁሉ ያገኛል» የሚለውን ቃል ስሰማ ሐሳቤ ወደ ሱዳን መንገድ ሄደ። እናንተ በቅርብ የመጣችሁት በአውሮፕላን ነው፤ ከእናንተ በፊት የመጡት፣ በተለይ እስከ 1984ና 1985 ድረስ በነበረው ጊዜ፣ ከጐንደርና ከትግራይ መንደሮች ሌሊት ለሌሊት በእግራቸው ተጉዘው ሱዳን ገቡ። በመንገዱና በስደተኞች ካምፕ በረሃብ፣ በውኃ ጥም፣ በበሽታ፣ በሽፍታ እጅ 4,000 ያህል ሰዎች እንዳለቁ ይነገራል። መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ ቆሟል፤ በየዓመቱም በኢዮር 28 ቀን፣ በኢየሩሳሌም ቀን፣ ይታሰባሉ።

እስቲ ንገሩኝ፤ ከእነዚያ ሰዎች ይበልጥ ኢየሩሳሌምን የፈለገ ማን ነው? በመንገድ የቀረችው ሕፃን አስተሳሰቧ ደካማ ስለነበረ ነው የቀረችው? ልጁን በካምፕ የቀበረ አባት አጥብቆ ስላልፈለገ ነው? ደራሲው በዚያ መድረክ የተናገረው ነገር እስከ መጨረሻው ቢሄድ የሚያደርሰው እዚህ ነው። ያገኘውን ሁሉ አስበህ አገኘኸው ካልን፣ ያጣውንም አንተው አስበህ አጣኸው ማለት ነው። ይህን በሙታኖቻችን ላይ እንዲናገር የምንፈቅድለት ሰው የለም። በእናንተም ላይ ሊናገረው አይገባም። በጐንደርና በአዲስ አበባ ዓመታት የጠበቃችሁ፣ ወላጅ ወይም ልጅ እዚያ ትታችሁ የመጣችሁ፣ እዚህም ከሙያችሁ ውጭ የምትሠሩ፣ ይህ ሁሉ የደረሰባችሁ መጥፎ ነገር ስላሰባችሁ አይደለም።

እነዚያ በሱዳን በኩል የደረሱትስ እንዴት ደረሱ? ብርታት ነበራቸው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይመራቸው ነበር፤ ውኃውን ተካፍለው ይጠጡ ነበር፤ የደከመውን ሽማግሌ በተራ ይሸከሙ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን በሐሳቡ ኃይል ደረሰ ሲባል የሰማሁት ታሪክ የለም።

ይህ ዓይነት መጽሐፍ ከየት መጣ?

ነገሩን ከሥሩ ስፈልግ አንድ የሚያስደንቅ ታሪክ አገኘሁ። ሰው ራሱን እንዲረዳ የሚመክሩ መጻሕፍት ስማቸውን ያገኙት ሳሙኤል ስማይልስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው በ1859 ካሳተመው መጽሐፍ ነው፤ ርእሱም «ራስን መርዳት» የሚል ነው። ከእሱ በኋላ አሜሪካዊው ዴል ካርኔጊ በ1936፣ ናፖሊዮን ሂል በ1937፣ ኖርማን ቪንሰንት ፒል በ1952 የጻፏቸው መጻሕፍት በሚሊዮን ተሸጡ። ዛሬ በየመድረኩ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ከእነዚህ የተቀዳ ነው።

የሚያስደንቀው ግን የመጀመሪያው መጽሐፍ የተጸነሰበት መንገድ ነው። በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ሁለት ሦስት ድሆች ወጣቶች በክረምት ምሽት በአንዱ ቤት ተሰብስበው እርስ በርሳቸው መማማር ጀመሩ። ማንበብ የሚችለው ማንበብን፣ ሒሳብ የሚያውቀው ሒሳብን ያስተምራል። ቁጥራቸው ሲበዛ ቤቱ ጠበባቸው፤ በበጋ በአትክልት ቦታ ተቀመጡ። ወደ መቶ ሲጠጉ ቀድሞ የኮሌራ በሽተኞች ይታከሙበት የነበረ፣ ሌላ ሰው የማይፈልገው ክፍል ተከራዩ። ከዚያ በኋላ ነው ስማይልስን መጥተህ ንገረን ብለው የጠሩት፤ በ1845 ያደረገላቸውም ንግግር እያደገ መጽሐፍ ሆነ። ስማይልስ ራሱ ኋላ በጻፈው መቅድም፣ ርእሱ ሰዎችን እንዳሳሳተና የራስ ወዳድነት ምስጋና እንዳስመሰለው፣ ራስን መርዳት ግን ጎረቤትን መርዳትንም እንደሚጨምር ገልጿል።

እንግዲህ አያችሁ፤ ነገሩ ሲጀመር ደቦ ነበር፣ ወንፈል ነበር። ወጣቶቹ ተናጋሪውን ከመጥራታቸው በፊት ሥራውን ራሳቸው ጀምረው ነበር። ከዘመን በኋላ ተናጋሪው ብቻ ቀረና ያ የምሽቱ ክፍል ተረሳ። እኛ የምንፈልገው ግን ያንን ክፍል ነው።

ከየትኛው እንጀምር?

ወደ እናታችን ጥያቄ ልመለስ። በማግሥቱ ቢሮ መጥተው ከአንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ጋር ተቀመጥን፤ ሦስቱን ችግሮች በወረቀት ጻፍን። ከዚያ የትኛው ብዙ ጊዜ ይፈጃል ብለን ጠየቅን። የባላቸው ጉዳይ ሆነ። ለቢቱዋህ ሌኡሚ የናኹት ማመልከቻ ለማስገባት የሐኪም ወረቀት መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ከገባም በኋላ መልሱ ይዘገያል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ለመግባት ቶር መያዝ የመጀመሪያው ሆነ። ሁለተኛው ለቤት ኪራይ ከመንግሥት እርዳታ ይገባቸው እንደሆነ መጠየቅ፤ ሦስተኛው የኡልፓኑን ሰዓት ከሥራቸው ጋር እንዲስማማ ማነጋገር ነው። ችግሩ አልቋል አልላችሁም። ነገር ግን ሰኞ ጠዋት ወዴት እንደሚሄዱ አውቀው ወጡ። የሁለት ሰዓት ተኩሉ ንግግር ያልሰጣቸው ይህ ነበር።

ለእናንተም ሁለት ነገር እመክራለሁ። አንደኛው፣ የምታደርጉትን ስትጽፉ «ዕብራይስጥ እማራለሁ» ብላችሁ አትተዉት፤ መቼ፣ የት፣ እንዴት እንደሆነ ጨምሩበት። ፔተር ጎልዊትሰር የተባሉ ምሁር በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው ሐሳቡን በሥራ ላይ የማዋል ዕድሉ ይበልጣል። ለምሳሌ «ማክሰኞ ከኡልፓን ስወጣ በቀጥታ ወደ ቢቱዋህ ሌኡሚ እሄዳለሁ» በሉ። «ጸሐፊዋ በፍጥነት ብትናገረኝ ‹ለአት፣ በቫካሻ› እላታለሁ» በሉ፤ ቀስ ብለሽ እባክሽ ማለት ነው። እንቅፋቱን አስቀድማችሁ ካሰባችሁት ሲመጣ አያስደነግጣችሁም።

ሁለተኛው፣ ብቻችሁን አትሁኑ። በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ መርከዝ ክሊታ ያላችሁ አራት አምስት ቤተሰቦች በሳምንት አንድ ምሽት ቡና አፍልታችሁ ተሰብሰቡ። እንደ ዕቁብ ነው፤ የምታዋጡት ግን ገንዘብ አይደለም። እያንዳንዱ «በዚህ ሳምንት ይህን አደረግሁ፤ ለሚቀጥለው ይህን አደርጋለሁ፤ ይህ ወረቀት ግን አልገባኝም» ይበል። ከመካከላችሁ አንዱ የትምህርት ቤቱን አሠራር ያውቃል፣ አንዱ የሊሽካውን፣ አንዱ የቁፓት ሖሊሙን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ስለ ገንዘባችሁ

አሁን የቀረኝ ዋናው ማስጠንቀቂያ ነው። ንግግሩ ሲያልቅ በአዳራሹ በር ላይ ጠረጴዛዎች ተደርድረው ነበር። ፈገግታቸው የማይጠፋ ወጣቶች የሦስት ቀን ሥልጠና ይሸጣሉ፤ ዋጋው 6,900 ሼኬል፣ በ12 ታሽሉሚም ማለትም በ12 ወር የሚከፈል፣ «በዚህ ዋጋ ዛሬ ማታ ብቻ ነው» የሚባል። ያን ጊዜ ገባኝ። የምሽቱ ንግግር ትምህርት የሌለበት ትምህርቱ ለሽያጭ ስለተቀመጠ ነው። ከእኛ መካከል አንድ ወጣት ባልና ሚስት ስልክ ቁጥራቸውን ሰጡ። በማግሥቱ ተደወለላቸው፤ ሲያመነቱ «ለልጆቻችሁ የወደፊት ኑሮ አትጨነቁም ወይ?» ተባሉ፤ የካርቲስ አሽራያቸውን ቁጥር ሰጡ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ደግነቱ ሕግ አለ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ይህን ይወቅ፤

አንደኛ፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የገዛችሁትን ነገር ማንኛውም ሰው በ14 ቀን ውስጥ መሠረዝ ይችላል። አዲስ ገቢ ግን፣ የኦሌ ምስክር ወረቀት ከተቀበለ 5 ዓመት ካልሞላው፣ ሽያጩም ከሻጩ ጋር በመነጋገር የተደረገ ከሆነ፣ 4 ወር ጊዜ አለው።

ሁለተኛ፣ ነገሩ እንደ ሥልጠና በቀን የተቆረጠ አገልግሎት ከሆነ፣ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ሲቀር መሠረዝ አለበት። ስለዚህ አትዘግዩ።

ሦስተኛ፣ ሐሳባቸውን ለለወጡ ሰዎች ሻጩ ሊያስቀር የሚችለው ከዋጋው ከመቶ 5 ወይም 100 ሼኬል፣ ከሁለቱ የሚያንሰውን ነው። ከ6,900 ሼኬል ከመቶ አምስቱ 345 ስለሆነ፣ የሚያስቀረው ከ100 አይበልጥም። የቀረውን የስረዛ ማስታወቂያው በደረሰው በ14 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት።

አራተኛ፣ ስረዛውን በጽሑፍ አድርጉ፤ ስማችሁን፣ የመታወቂያ ቁጥራችሁን፣ የገዛችሁበትን ቀን ጻፉ፤ ቅጂውን አስቀሩ።

እነዚያ ባልና ሚስት በሦስተኛው ቀን መጡ፤ ደብዳቤውን አብረን ጽፈን ላክን፤ ገንዘባቸውም ተመለሰ። ዕብራይስጡ ለሚያስቸግራችሁ በብዙ ከተሞች ሺል የሚባል የነፃ ምክር ቢሮ አለ፤ የእኛም ቢሮ ይረዳችኋል። ማንም ሰው ስላፈረ ብቻ ገንዘቡን አያጣ። ተታልሎ የመጣ ሰው በዚህ ቢሮ አይሳቅበትም።

መማር ለምትፈልጉም በር አልተዘጋም። ከመክፈላችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፤ ሲያልቅ ምን መሥራት እችላለሁ? የምስክር ወረቀቱን ቀጣሪዎች ይቀበሉታል ወይ? ከዚህ በፊት የተማረ ሰው ላነጋግር እችላለሁ ወይ? ለውሳኔ አንድ ሳምንት ትሰጡኛላችሁ ወይ? ለአራተኛው ጥያቄ «አይቻልም፣ ዛሬ ብቻ ነው» ካሉ፣ የሦስቱን መልስ ሳትጠብቁ ተነሡ። ደግሞም የክሊታ ሚኒስቴር ለሚገባው ሰው ለሙያ ትምህርት ቫውቸር ይሰጣል፤ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እዚያ ጠይቁ።

ለወጣቶችም አንድ ቃል አለኝ። ያ ልጅ እናታችንን ላለማሳዘን ብሎ የደራሲውን መልስ ለውጦ አስተረጐመ። ደግነቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ወላጆቻችሁ የተባለውን በትክክል የመስማት መብት አላቸው። ከጐንደር እዚህ ድረስ የመጡ ሰዎች አንድ ክፉ ቃል አይሰብራቸውም። የሚጐዳቸው ሳያውቁ የሚፈርሙት ወረቀት ነው።

ያን ዕለት የመግቢያ ከከፈላችሁት መካከል «ገንዘባችን ጠፋ» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከዚያ አዳራሽ አንድ ነገር ይዘን ወጥተናል እላለሁ፤ ይኸውም የእናታችን ጥያቄ ነው። «ሁሉም በእጅህ ነው» የሚላችሁ ሰው ሲመጣ «ከየትኛው ልጀምር?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚያውቅ ሰው ከሆነ አጠገባችሁ ተቀምጦ አብሯችሁ ይጽፋል። የማያውቅ ከሆነ ይቆጣችኋል፤ ያን ጊዜ ደኅና እደር ብላችሁ ወደ ጎረቤታችሁ ሂዱ።

የሳምንቱን የቡና ስብሰባ ለመጀመር የምትፈልጉ ቤተሰቦች ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን ለጸሐፊዋ ስጡ።  በሰላም ግቡ።